የቧንቧው ሰላምታ

ሰሌዳ ፊት ስቆም ልቤ እንደታሰረ ፍየል መፈራገጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ቾኩ ከእጄ ይወድቃል። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ጥዬ ወጥቼ ሽንት ቤት ተደበቅሁ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «ወይ ታከሚ፣ ወይ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ፋይል ደርድሪ» አለኝ። ደነገጥሁ። ከማስተማር ሌላ የምችለው ሰው ማማት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ደሞዝ የለውም።

እናቴ ሳማክራት «የወታደር ልጅ አይፈራም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። አባቴ ካምፕ ስለኖረ እኔም በውርስ ጀግና ነኝ መሰለኝ። እዚህ በምንኖርበት ነጌሌ ውስጥ «የእብድ ሐኪም የት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይገባል። ስለዚህ ሠርግ አለብኝ ብዬ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ክብረ መንግሥት ድረስ በሚኒባስ አቧራ ስቅም ሄድሁ።

እዚያ ሆስፒታል የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየኝና «የኛዋ የአእምሮ ነርስ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት» አለ። «ደግሞ ከነጌሌ መጥተሽ ነው? እናንተ ጋ እኮ አለች!»

ተመለስሁ። በማግስቱ እየተሳቀቅሁ የነጌሌን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ስከፍት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የግቢያችን ተከራይ ናት። ክትባት የምትሰጥ ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄያት አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጄሪካናችንን ይዘን ቧንቧው ጋ ስንገናኝ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ? ፈያ? ናጋ?» ትለኛለች። እንዴት አደርሽ፣ ጤና ነሽ፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው። እኔም «ናጋ፣ ናጋ» እላታለሁ። በኛ ግቢ ጣሪያው በነፋስ የተነቀለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ናጋ ይላል፣ ከዚያ ነው ስለ ቆርቆሮው የሚያወራው።

በሩን ዘግታ «አካም ቡልቴ? ናጋ?» አለችኝ።

«ናጋ!» አፌ ቀደመኝ።

«እንግዲያ ደህና ከሆንሽ ተረኛ አለብኝ።»

እኔ ጅሏ እውነት መስሎኝ ተነሣሁ! እየሳቀች እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ እባክሽ። እሱ የቧንቧው ነው። እዚህ እንደ አዲስ ልጠይቅሽ፤ ናጋ?»

ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ያጠናሁት አማርኛ ሁሉ ጠፋብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰላምታ መልሼው የማላውቀው ቃል ወጣ።

«ናጋ ሚቲ» አልኋት። ሰላም አይደለሁም። ከዚያ ነጠላዬ እስኪርስ አለቀስሁ፤ ደስም አለኝ፣ አፈርሁም።

ካርዴን ገና አልከፈተችውም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «ይኸው፣ ዛሬ ገና ሰላም ተባባልን» አለች።