ነፋስ የማያስገባው ሣጥን

አናጢነት የጀመርሁት ዳንግላ፣ ጋሽ ዓለሙ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጋዝ እንኳ አላስነኩኝም። አንድ ጧፍ ለኩሰው ሰጡኝና ተሰቅሎ ያለቀ መስኮት ፊት አቆሙኝ። ጧፉን በመዝጊያውና በመቃኑ መጋጠሚያ ዙሪያውን እንዳዞረው አዘዙኝ። ግራው ማዕዘን ላይ ስደርስ ነበልባሉ ዘንበል አለ። ጋሽ ዓለሙ መዝጊያውን ነቀሉና እንደገና መላግ ጀመሩ።

ያገራችን ሰው ነፋስ ይፈራል። አራስ ነፋስ እንዳይመታት ይዘጋባታል፤ የታመመም እንዲሁ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጎበዝ አናጢ ማለት ነፋስ የሚዘጋ አናጢ ማለት ነበር። ስድስት ዓመት ሠርቼ ራሴን ስችል፣ ከመላጊያዬ፣ ከመሮዬና ከማዕዘን መለኪያ ስኳድራዬ ጋር ጧፍም ይዤ ወጣሁ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ያኔ በአፌም ነበር። የጌታሁን መስኮት ጧፍ አያወዛውዝም እያልሁ የማወራው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ነበርሁ።

አንድ ቀን በጥቅምት መምህር በላቸው አስጠሩኝ። ከወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው ዳንግላ የሚያስተምሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺወርቅ የእንጅባራ አካባቢ አገው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ስለተጎዳ ከአልጋ አይነሡም። የተኙበት ክፍል መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ስንጥቁም በጨርቅ ተወትፏል። መልካም አያያዝ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የቅርንጫፍ ጉማጆች ተቀምጠዋል። በላያቸው ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ወፋፍራም ቅጠሎች በቅለዋል። እኛ ተቀጥላ ብለን የምናልፈው ነገር ነው። መምህር መጽሐፍ ገልጠው ኦርኪድ እንደሚባል፣ ከዘመዶቹም ሁሉ ትንሹ ወገን እንደሆነ አስረዱኝ። አበባው ቢፈካ የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የሺወርቅ ልጅ ሳሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደብራቸው ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው ያንን አበባ ቀና ብለው ያዩ ነበር። እኔ ከመጠራቴ በፊት በነበረው ክረምት ዛፉን ዐውሎ ነፋስ ጣለው። ወንድማቸው አያ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ፣ ገበዙን አስፈቅደው ከወደቀው ዛፍ ላይ የተረፉትን ሦስት ጉማጆች በበቅሎ አመጡላቸው። ነገር ግን የዳንግላ በጋ ደረቅ ነው፤ ውርጩም ቅጠል ያቃጥላል።

«የእንጅባራን ጉም በሣጥን ሥራልኝ» አሉኝ መምህር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዴ ሲያብብ እንድታይ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም» አሉ።

እርጥበት እንዳያበሰብሰው ጥድ መረጥሁ። ቁመቱን አንድ ሜትር፣ ወርዱን ሰባ ሳንቲም አደረግሁት። መስተዋቱ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣ። ከመኪናው እስከ ቤት በጋሪ ስንሄድ፣ በጤፍ ገለባ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ባለጋሪው ምን ወለድህ እያለ ሲያሾፍብኝ ደረስን። መስተዋቱን በመቁረጫ አልማዝ ቆርጬ፣ ከጥዱ ጋር በማጣበቂያ ስቱኮ ለሰንሁት። ከሥር ከላይኛው የተለየ፣ አየር ከውጭ የሚያገኝ፣ በቆርቆሮ የለበድሁት ክፍል አለ፤ እዚያ ትንሽ የላምባ መብራት ይነዳል፤ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ከመብራቱ በላይ ውኃ የሞላ ትሪ ተቀመጠ። ሙቀቱን የምናይበት ቴርሞሜትር መምህር ከጤና ጣቢያ ተውሰው አመጡ።

ሲያልቅ የተለኮሰ ጧፍ ውስጡ አቁሜ በሩን ዘጋሁና በየመጋጠሚያው እፍ አልሁበት። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። ምሳ በልተን ስንመለስ ጧፉ ግማሹ እንኳ ሳይነድ ጠፍቷል። እኔ ኮራሁ። ጧፉ የነገረኝን አልሰማሁም።

ጉማጆቹን አስገብተን መብራቱን ስንለኩስ መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው። መስተዋቱ ጉም ለበሰ። እትዬ የሺወርቅ ከአልጋቸው ሆነው ያገሬ ጧት ይመስላል አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከአንደኛው ጉማጅ ላይ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ፤ ሻጋታም ወረሰው። እኔ ሆዬ፣ ብርድ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ስቱኮውን ደግሜ ለሰንሁ። ሁለተኛውም ሞተ። መምህር አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ፈንታ ለገበያ መጥተው ጎራ አሉ። የሣጥኑን በር ከፍተው ውስጡን አሸተቱ።

«ይህ የሚኖረው ከዛፍ ጫፍ ነው» አሉ። «ጉም ይመጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ጉሙንስ ሠራችሁት። ነፋሱን የት ጣላችሁት?»

አየር አጥቶ የጠፋው ጧፍ ያኔ ትዝ አለኝ። ከአልጋው በኩል እትዬ የሺወርቅ ጠሩኝ።

«ጌታሁን፣ ሣጥኑን ስትበሳ መስኮቴንም አስበው። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ትንፋሽ ነው መልሼ የምተነፍሰው።»

መምህር ደነገጡ። «የሺ፣ ነፋስ እንዳይመታሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «ለአበባውም አስባችሁ ነው።»

መምህር ወደ መስኮቱ ሄደው ጨርቁን አንድ በአንድ ከስንጥቁ መዘዙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስለነበር ወደ ሥራዬ ዞርሁ።

ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የምወደውን ሥራ በመሰርሰሪያ በሳሁት። በአንዱ ጎን ከታች፣ በሌላው ጎን ከላይ ቀዳዳ አወጣሁ፤ በሽቦ ወንፊት ሸፈንሁት፤ ነፋሱ ሲበዛ የሚያጠቡት ተንሸራታች ክዳንም አበጀሁለት። ጧፉን መልሼ አቆምሁ። ነበልባሉ ወደ ላይኛው ቀዳዳ ዘንበል ብሎ እስከ መጨረሻው ነደደ።

የመስኮቱንም የላይኛውን መስተዋት ብቻውን በማጠፊያ እንዲከፈት አደረግሁና ገመድ አስሬ፣ የገመዱን ጫፍ ከአልጋው ራስጌ አደረስሁት። እትዬ የሺወርቅ ሲስቡት ተከፈተ። መምህር ጋቢ ይዘው ነፋሱን ሊከላከሉ መስኮቱ ፊት ተገተሩ። ዞር በሉልኝ አሏቸው፤ ዞር አሉ።

ሰኔ ሲገባ ላኩብኝ። ከተረፈው ጉማጅ ላይ አምስት ነጫጭ አበቦች ፈክተዋል። መምህርና እኔ ሣጥኑን ተሸክመን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጥነው። እትዬ የሺወርቅ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አድርገው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የመምህር አገውኛ ከገበያ አያልፍም፤ የእኔ እናት ግን አገው ናት። ምን አለች ብለው ጠየቁኝ።

«‹ድሮ እኔ ነበርሁ ቀና ብዬ የማይሽ፤ ዛሬ አንቺ ወረድሽልኝ› ነው ያሉት» አልኋቸው።

መምህር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እስካረጅ መስኮት ሠራሁ። ጧፉን አልተውሁም፤ የሚዘጋው እንዲዘጋ አሁንም እፈትንበታለሁ። ነገር ግን የታመመ ሰው ያለበት ቤት ስጠራ፣ ሜትሬን አውጥቼ በመጀመሪያ የምለካው ከአልጋው እስከ መስኮቱ ያለውን የገመድ ልክ ነው።