ከትከሻዬ ኋላ ያለችው ልጅ

ዓረብ አገር፣ ጀማይዜ የሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት ሳሎኑ ቀንም ጨለማ ነው። ማዳሜ የመስኮቱ መዝጊያ እንዲነሳ አትፈቅድም። በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የሴት ልጇን ፎቶ በደረቅ ጨርቅ ታስጠርገኝና "ያላ ያ ቢንቲ፣ በይ ልጄ፣ መስኮቱን እንዳትነኪ" ትለኛለች። ልጅቷ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሞታለች። ቤታቸው ሲቃጠል የተረፈው ፎቶ ያ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና ጨለማ የምትወደው በኀዘን ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ነበር ብጠይቅ!

ማዳሜ ፈረንሳይ ወንድ ልጇ ዘንድ ሄዳ ስምንት ወር ስትቆይ ቤቱን ለእኔ ተወችልኝ። የእኔን ልጅ አገር ቤት ጥዬው ስመጣ አራት ዓመቱ ነበር። ከጨለማው ሳሎን ፎቶ በላክሁለት ቁጥር "እማ፣ ፊትሽ አይታይም" ይለኛል። አንድ ቀን ጭራሽ "ይቺ አንቺ አይደለሽም" አለኝ። በማግስቱ መዝጊያውን እስከ ላይ ሳብኩት። የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ግድግዳውን ሞላችው። ግድግዳው ጋ ቆሜ ራሴን አንስቼ ላክሁለት። "አሁን አየሁሽ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ከፈትኩት።

ማዳሜ ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ፎቶው ሄደች። እኔም በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። የልጅቷ የከንፈር ቅላት ጠፍቷል፣ ዓይኖቿ ገርጥተዋል፣ ፊቷ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ጨርቅ መስሏል።

"ያኒ፣ ማለቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በጨለማ የተቀመጥኩት ለምን መሰለሽ? ፀሐይ እንዳትበላት እኮ ነው" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ዕለት ስልኬን ከፍቼ የላክኋቸውን ፎቶዎች ወደ ኋላ ሄድኩባቸው። ልጅቷ ከትከሻዬ ኋላ ግድግዳው ላይ አለች። ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ቀለሟ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ከንፈሯ ቀይ ነው፤ ግን አንድ ጉንጯን በጭንቅላቴ ሸፍኜዋለሁ። ይህንኑ ፎቶ ናባዓ ሰፈር ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኩት።

"አንቺን ከፎቶው አወጣሻለሁ" አለኝ ሰውየው። "የሸፈንሽውን ጉንጭ ግን ከየት ላምጣው? ከራሴ ፈጥሬ ብሠራው የእሷ አይሆንም።"

እንዳለ አሳትሜ ለማዳሜ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። "መርሲ" አለችኝ። ሞኟ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሳሎኑን ስጠርግ ከወንበር ሥር ራሴን አገኘሁት። በመቀስ ዙሪያዬን ተከትላ ቆርጣ አውጥታኛለች። አልተቀየምኳትም። የእኔን ልጅ ፊት የሸፈነ ሰው ባገኝ እኔም እቆርጠዋለሁ። ዓይኗ ደክሞ ኖሮ መቀሱ ስቶ የልጅቷን ጥቂት ፀጉር ከትከሻዬ ጋር ቆርጦታል። ልመልስላት አስቤ አፈርኩ፤ ቁራጩን ልብሶቼ መሀል ደበቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ደውሎ ፎቶ ላኪልኝ አለኝ። መዝጊያው ወርዷል። እዚያው ጨለማ ውስጥ ራሴን አንስቼ ላክሁለት።

"እማ፣" አለኝ፣ "ይቺ ማናት?"