በአምፔሊዮ ጀርባ ላይ ያረፈው እጅ

ባሌን አምፔሊዮን ከብስክሌቱ ነጥሎ የሚያውቀው ሰው የለም። እኔም ሳገባው ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያገባሁት። ዕድሜውን ሙሉ ከቤታችን በላይ ባለው እርከን ላይ ጽጌረዳ ሲያበቅል ኖሯል። ስድስት ቀን በመስታወት ቤቱ ውስጥ ላቡን ሲያንጠፈጥፍ ይሰነብትና እሁድ ሲመጣ ሌላ ላብ ፍለጋ ይወጣል። «ሰው እንዴት ዕረፍቱን በድካም ያሳልፋል?» ብዬ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅኩ መሰላችሁ! ማን ሰምቶኝ! እኔ እንኳ መላጨት የተውኩትን እግር እሱ ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ያቺን ጥብቅ ሱሪውን ለብሶ፣ ብስክሌቱን ከመኝታ ቤት ይዞ ውልቅ ነው። አዎ፣ ከመኝታ ቤት። ምድር ቤቱ እርጥበት አለው ይላል። እኔ ልብስ ላጥብ ምድር ቤት ስወርድ ግን እርጥበቱ ትዝ ብሎት አያውቅም።

የከተማችን የብስክሌት ማኅበር በየዓመቱ ጸደይ ላይ ባሕሩን ተከትሎ ረጅም ጉዞ ያደርጋል። የአገራችን የሊጉሪያ ተራራ ደግሞ ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ይሉኝታ የለውም። አንዱን አቀበት ጨርሰህ ወደ ውኃው ቁልቁል ስትወርድ ሌላው ከፊትህ ተገትሮ ይጠብቅሃል። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው ሜዳ መንገድ ዛሬ ለብስክሌት ተነጥፏል። በባሕሩ ዳር የተዘረጋ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚነዳበት። ከማኅበሩ ሰው ግን አንድም አይረግጠውም። «እሱ የጀርመን ቱሪስት መንሸራሸሪያ ነው» ይላሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ደግሞ ሕግ አላቸው። አቀበት ላይ በዕድሜ ትልቁ ከፊት ይመራል፤ ማንም አያልፈውም። እግር ሲከዳህ ደግሞ ጓደኛህ እጁን ጀርባህ ላይ አድርጎ ይገፋሃል። ደግ ነገር ይመስላል አይደል? ሞት ነው እንጂ! የተገፋ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቱን ትቶ ከኋላ የምትከተለዋን መኪና ይነዳል። ሌላ የሚገፋ ሰው እስኪገኝ ድረስ ውኃና ትርፍ ጎማ ጭኖ ይከተላቸዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ መኪናዋ ላይ ያለው ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ሴቲሚዮ ነው። ባሌን ሲያይ ዓይኑ የሚቁለጨለጨውም ለዚሁ ነው።

ከሚነዱት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ አምፔሊዮ ነው፤ ሰባ አምስት ሞልቶታል። ያለፈው ክረምት ሳል ይዞት ከርሞ ደረቱ እንደበፊቱ አልሆነለትም። ከጉዞው በፊት እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና፣

«ኒቬስ፣ ዘንድሮ ከገፉኝ አበቃልኝ» አለኝ።

«ምንህ ነው የሚያበቃው? መኪና ትነዳለህ።»

«እኔ መኪና ነጂ አይደለሁም።»

ሳቅሁበት፤ ውስጤ ግን ፈራ። አንድ ጊዜ ትከሻው ተሰብሮ ወጥ ቤቴ ውስጥ የተቀመጠበትን ወራት እኔ ነኝ የማውቀው። በመስኮት መንገዱን እያየ ጭራሽ ሰው መሆኑን ትቶ ነበር። አፉን የሚከፍተው ሽንኩርት አከታተፌን ለመንቀፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም በሆዴ፣ እባክህ አምላኬ፣ ማንም አይግፋብኝ እያልኩ ከረምኩ።

ቀኑ ደረሰ። የጉዞው ዕለት ምሳውን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ በቆስጣና በሩዝ የተሞላውን ቂጣዬን፣ በዘይት የተዘፈዘፈውን ትንንሽ ዓሣ ይዤ ከሴቲሚዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የመንገዱ ዳር በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። የመጀመሪያዎቹን አቀበቶች ባሌ ከፊት ሆኖ ጥሩ አድርጎ ወጣቸው። ደስ አለኝ። እንዲያውም ለሴቲሚዮ «አየኸው ጎረምሳውን?» አልኩት፤ እሱም የማይባል ነገር እንደያዘ ሰው ጢሙን ጎተት ጎተት አደረገ።

የመጨረሻው የሳንታ ብሪጂዳ አቀበት ነው። አናቱ ላይ ጥድ ሥር ነው ምሳ የምንበላው። አምፔሊዮ መውጣት ጀመረ፤ የተቀሩት ከኋላው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ቀስ አለ፣ ከዚያም ባሰበት። ከኋላ ያሉት ግራና ቀኝ ይዋልላሉ።

«ኒቬስ፣ ደህና አድርገሽ እዪ» አለኝ ሴቲሚዮ። «አቀበት ላይ ፍሬን የሚይዝ ብስክሌተኛ በሕይወትሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነትም ፍሬን ይዘዋል! ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሎሪስ፣ ያ በር የሚያህል የቧንቧ ሠራተኛ፣ ብስክሌቱ ከመሄድ ወደ መቆም ስለተቃረበ በጎኑ ዘጭ አለ። ጫማቸው ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፍ ነው፤ እግራቸውን ቶሎ አያወጡትም። አጠገቡ ያለውን ይዞት ወደቀ፣ ያም ሌላውን፣ ከነኮርቻቸው እንደተቀመጡ ተደረደሩ። ልስቅ ብዬ አምፔሊዮ ሲዞር አየሁና ሳቄ ጠፋ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አይደለም ባርባ አምፔሊዮ፣ ጎማዬ አንሸራትቶኝ ነው» አለ ሎሪስ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ባርባ ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት ነው።

«በደረቅ አስፋልት?»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሴቲሚዮ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አንተን ላለማለፍ ነዋ! ላለመግፋት! ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬን እየያዙ ነው የሚወጡት፤ እኔን እዚህች ቆርቆሮ ውስጥ ጠብሰው!»

«ዝም በል አንተ!» ብዬ በክርኔ ጎሰምኩት፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

«ሎሪስ» አለ ባሌ በቀስታ፣ «አምናም?»

«አምናም፣ ባርባ። ይቅርታ ያድርጉልን። እርስዎን የሚገፋ እጅ ከየት እናምጣ?»

አምና ቤት ሲመለስ ለጎረቤቱ ሁሉ «አንዳቸውም አልደረሱብኝም» ሲል እኮ ሰምቻለሁ። በረንዳ ለበረንዳ እየዞረ ነበር የተናገረው። አሁን ፊቱ ዓመድ መሰለ። ሎሪስን ልምታው፣ ሴቲሚዮን ልምታው፣ አላወቅኩም።

«ማንም እንዳይከተለኝ» አለና ብቻውን ጉዞውን ቀጠለ።

ቆሙለት። እሱ ይወጣል። ጎማው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ መሐል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባሕሩን ወደሚያሳየው ጠርዝ። አላስቻለኝም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ያደረግኩት የቤት ነጠላ ጫማ ነው፣ ጉልበቴም ጉልበት አይደለም፤ ቢሆንም ሄድኩ።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ደረስኩበት። በእግሬ! ሳልሮጥ ደረስኩበት።

ጎን ለጎን ትንሽ ሄድን። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ እያለከለከ።

«እየሄድኩ ነዋ።»

«ቀስ በይ።»

«ቀስ ብዬ እኮ ነው የምሄደው፣ አንተ ሰውዬ። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደኋላ ልመለስ ነው።»

ቀጥሎ ከሆዱ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ደንግጬ ሳየው ለካስ እየሳቀ ነው። ሳቁ የቀረችውን ጉልበቱን ጨረሰበት። ብስክሌቱ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣

«በይ ግፊኝ» አለ።

«አምፔሊዮ...»

«ሌላ ሰው አይንካኝ። አንቺ ግፊኝ።»

እጄን ጀርባው ላይ አደረግኩ። ልብሱ ረጥቧል፣ ከሥሩ አጥንቱ ይሰማኛል፤ ስንት ዓመት ያሸሁት ጀርባ መቼ እንዲህ እንደቀጠነ አላየሁም ነበር። ገፋሁት። እያለቀስኩም እየሳቅሁም ገፋሁት። እሱም ፔዳሉን አልተወም፤ «ጠንከር! ከንቱ ነሽ! ሊጥ ስትገፊ እንኳ ከዚህ ትሻያለሽ!» እያለ እስከ አናቱ ድረስ ሰደበኝ።

ጥዱ ሥር ተዘርግቼ ትንፋሼን ስሰበስብ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሴቲሚዮም ከነመኪናዋ ደረሱ። ሎሪስ ቀረብ አለና፣ «ባርባ፣ የማኅበሩ አባል ስላልገፋዎት አይቆጠርም፤ እኛ ምንም አላየንም» አለው።

«እኔ ግን አየሁ» አለ አምፔሊዮ። «ሴቲሚዮ፣ ቁልፉን ወዲህ በል።»

ሴቲሚዮ ቁልፉን ወረወረለትና ባሌ ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ ይመስለኛል፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ የአምፔሊዮን ብስክሌት ቀምቶ ቁልቁል ተፈተለከ። ከምሳ በኋላ የተቀሩት ተከተሉት፤ እኛም መኪናዋ ውስጥ ገብተን ከኋላቸው ወረድን።

ባሌ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝም ብሎ ይነዳል። ባሕሩ ከሥራችን ያብረቀርቃል። ያንን ዝምታ ከትከሻው ስብራት ወራት ስለማውቀው ወጥ ቤቴ ትዝ አለኝ።

«አዝነሃል?» አልኩት።

«አዎ።»

«በጣም?»

በአንድ ኩርባ ላይ መኪናዋን አቆመ። እታች ከዓለት መካከል ከመንገዱ የማትታይ ትንሽ የባሕር ዳርቻ አለች፤ ውኃዋ አረንጓዴ ነው፣ ሰው የለባትም።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ሳልፍ ኒቬስ ይህንን ብታይ እላለሁ» አለ። «ማቆም ግን አይቻልም፣ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ።»

«አሁንስ? ጥለውህ ሄዱ እኮ።»

«ይሂዱ» አለና ሞተሩን አጠፋ።