እህቴ ያጣችው ሰላምታ

በ1973 ዓ.ም. ክረምት፣ መንደራችን ኮሶዬ በጭጋግ ተሸፍና በምትውልበት ወቅት፣ ታላቅ እህቴ ከአሥመራ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ቤቴ ገባች። ልጇ እዚያ ወታደር ነበር። ደብዳቤዎቹን ሁልጊዜ የሚያነቡላት የንስሐ አባታችን ነበሩ። ያን ዓመት ግን እኔም ከመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተቀብዬ ነበር። ባሏም ተከትለዋት መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«በይ እስቲ፣ ትምህርትሽን አሳዪን» አለችኝ።

አማትቤ ማንበብ ጀመርሁ። «ይድረስ ለውድ አባቴ። ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።» ቀጥሎ ስለ ጤናው፣ ስለ ጓደኞቹም ትንሽ ጽፏል። ጨረስሁ።

«የእኔስ?» አለች።

«የአንቺ ምን?»

«ሰላምታዬ ነዋ። ሁልጊዜ ‹እናቴ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ› ይላል። ምነው ዘለልሽው?»

«እትዬ፣ የለም።»

«አባ ሲያነቡት የሚኖረው አንቺ ስታነቢው ይጠፋል?»

ባሏ ሳቁ። «የስድስት ወር ተማሪ ናት እኮ። እዚያ ጋ ገና አልደረሰችም ይሆናል።»

«አያ፣ እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ያሳዩኝ» አልኋቸው።

በጣቴ እየነካሁ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብሁላት። አላመነችኝም። ቤቷ ሄዳ በጨርቅ የተቋጠሩ የድሮ ደብዳቤዎች አምጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረገፈችልኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም የተጻፉት ለአባቱ ነው።

«በአንዱም ላይ የለሽም» አልኋት።

ፊቷ ጠቆረ። ወረቀቶቿን ለቃቅማ ቋጠረች። «ሳትማሪ ደኅና እህት ነበርሽ» ብላኝ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የንስሐ አባታችንን አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ቀና እንዳልሁ፣ «አባ፣ ለእህቴ ያልተጻፈ ሲያነቡላት ነው የኖሩት?» አልኋቸው።

ምንም አልደነገጡም። «‹ከነቤተሰብዎ› ሲል እናቱ የለችበትም? ደብዳቤ የሚጻፈው ለቤቱ አባወራ ነው። የሚያነበው ሰው ደግሞ ሰላምታውን በየስማቸው እየጠራ ለሁሉም ያደርሳል። እኛ የምናውቀው እንዲህ ነው። አስተማሪሽ ይህን አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። በእሳቸው ተናደድሁ፤ ለአባቱ ብቻ በሚጽፈው ልጅም ተናደድሁ። መንገድ ላይ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ፊደል ስላስለየኝ እግዚአብሔርን ያላመሰገንሁበት ቀን የለም፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ያን ቀን ግን «በአንዱም ላይ የለሽም» ስላት ደስ ብሎኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሏን ሰምቼ ኖሬአለሁ፤ ስረታት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የረታኋት ደግሞ በልጇ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እህቴ ቤት ሄድሁ። ገብስ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ይቅር በይኝ። አባን ጠይቄአቸዋለሁ፤ ‹ከነቤተሰብዎ› ያለው አንቺን ነው። አሁን ለልጅሽ ልጻፍልሽ፤ ተናገሪ» አልኋት።

ገብሷን ለቅማ እስክትጨርስ አስጠበቀችኝ። ከዚያ፣ «ከእንግዲህ ስሜን ጠርተህ ጻፍ በይው» አለች።

ጻፍሁ። ቀጥላ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ፣ ከነልጆቻቸው፣ በየስማቸው ታስጽፈኝ ጀመር። እጄ እስኪደነዝዝ ጻፍሁላት።