ዳቦው፣ ፓምፑና መብራቱ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ። እማማ እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ኑሯቸው በኤሌክትሪክ ምድጃ ጋግረው ለጎረቤት በሚሸጡት ድፎ ዳቦ ነው።

ባለፈው ክረምት የብሎኩ ኮሚቴ ምድጃቸውን ሊያስነቅል ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ስልኩን አውጥቶ የጎረቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ አነበበልን። እማማ «ዛሬ እጋግራለሁ» ባሉ ቀን፣ ማታ «መብራት ጠፋ» የሚል ይከተላል።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ማስረጃው ይኸው።»

እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እውነት ነው ልጆቼ፣ ይቅርታ» አሉ። ደሜ ፈላ። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ጥሬ ዳቦ ታቅፈው የሚቀሩት እሳቸው አይደሉ እንዴ?

የእኔ እንጀራ ደግሞ ይኸው ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ነገሮችን በየሰዓታቸው እደረድርና የትኛው የትኛውን እንደሚገፋ እለካለሁ። የቀደመ ሁሉ ምክንያት አይደለም። ሌላውን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ፣ ያንን አንዱን ብጨምር ስለሚመጣው የሚነግረኝ አዲስ ነገር አለ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ግሩፑን ወደኋላ እየሳብኩ ሦስተኛ መልእክት ጨመርኩበት፦ «ውሃ መጣ»። ውሃ እኛ ጋ በፈረቃ ነው። እማማ ብዙውን ጊዜ የሚያቦኩት ውሃ ሲመጣ ነው። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት የብሎኩ ፓምፕ ይነሳና መብራቱን ይጥለዋል። ውሃ መምጣቱን ካወቅሁ ዳቦው ምንም አይጨምርልኝም። እማማ ለልደታ ማርያም ብለው ሳይጋግሩ በዋሉባቸው ቀናት እንኳ ውሃ ከመጣ መብራቱ ሄዷል። ውሃ ሳይመጣ በጀሪካን ባጠራቀሙት አቡክተው በጋገሩ ጊዜ ግን መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገርኩ። ፓምፑን ያስገዛው ሰብሳቢው ራሱ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ይታያል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ለፓምፑ የራሱ መስመር ተዘረጋለት፤ የእማማ ምድጃም ተረፈ። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ጉራም ሳይሰማኝ አልቀረም።

በቀደም ምሽት ከጌጃ ሰፈር ጀምሮ አካባቢው ሁሉ መብራት ጠፋ። በስልኬ መብራት ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። ገና ማንም ምንም ሳይል የእማማ በር ተከፈተ።

«ልጆቼ፣ እኔ አይደለሁም» አሉ ወደ ጨለማው። «ዛሬ ምድጃ አልነካሁም።»