እውነቱን የተናገረችው ጫልቱ ነበረች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ያኔ አንድ ክፍል ተከራይተን አብሮኝ ለኖረው ጓደኛዬም አልነገርኩም። ሰው ስለ ድሮ ሥራዬ ሲጠይቀኝ «አሰላ ተማሪ አስጠና ነበር» እላለሁ። «ጥሩ ነዋ!» ይሉኛል። እኔም አዎ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን አልቀይርም።

እኔ አንዲት ተማሪን በገዛ አባቷ ፊት ውሸታም አድርጌያታለሁ። እሷ ያለችው እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

በሒሳብ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከርሜ አንድ የማስጠኛ ድርጅት ቀጠረኝ። ድርጅቱ ተማሪዎቹን እንደ ችሎታቸው በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ አስጠኚ ይመድባል። የታችኛው ቡድን ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ይጀምራል፤ የላይኛው በቀጥታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥያቄ ይሠራል። ልጅ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ አስጠኚው ይመሰገናል። ከላይ ወደ ታች የወረደ እንደሆነ ግን የድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ጠርተው «ምን ስትሠራ ከርመህ ነው?» ይላሉ። ስለዚህ ማናችንም ልጅ አናወርድም ነበር።

እኔ ደግሞ ከዚያም የባሰ አደርግ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርጅቱ ልጆቹን ይፈትናል፤ ውጤቱም ለወላጅ ይነገራል። ሐሙስ ዕለት የቅዳሜውን ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀያይሬ ከልጆቼ ጋር እሠራዋለሁ። «ልምምድ ነው» እላቸዋለሁ። ልምምድ ነበር? እንኳን እናንተን ራሴንም አላሳመንኩ። አሠራሩን እንደ መዝሙር በቃላቸው ይይዙታል፣ ቅዳሜ ፈተናውን ይደፍኑታል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

ጫልቱ የላይኛው ቡድን ልጅ ነበረች። አባቷ ኦቦ ከድር የኢተያ ገበሬ ናቸው፤ አሰላ አክስቷ ዘንድ አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ከልጆቼ ሁሉ የምፈራት እሷን ነበር። ሌሎቹ መልሱን አንዴ ካገኙት ዞር ብለው አያዩትም፤ እሷ ግን የደፈነችውን ፈተና ይዛ ትመጣና «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ለምን አካፈልን?» ትለኛለች። ልጅ በትክክል የሠራውን ነገር ለምን ብሎ ሲጠይቅ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔን ግን ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኞቿ ሲወጡ ቀረችና «ቲቸር፣ እኔ እኮ ምንም አልገባኝም። ሐሙስ የሠራነውን ነው ቅዳሜ የምጽፈው። ታች ልውረድና ከሥር ልጀምር» አለችኝ። ጊዜ ነበራት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ገና ሩቅ ነበር። ባወርዳት ይደረስላት ነበር። «ፍርሃት ነው፣ ይለቅሻል» ብዬ ሸኘኋት።

እሷም አላረፈችም፣ ለአባቷ ነገረች። ኦቦ ከድር መጡ። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ዣንጥላቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። ጫልቱ አጠገባቸው ቆማለች።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ አልችልም ትላለች። ወደ ታች አውርዱኝ ትላለች። እኔ አልተማርኩም፣ በምን አውቃለሁ? አንተ ንገረኝ። ወላሂ፣ ያልከውን ነው የምቀበለው።»

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ ነበረች፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። እኔ ግን የባለቤቱ ቢሮ ታየኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኦቦ ከድር፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ውጤቷን ያውቁት የለ? ትንሽ ሰንፋ ነው እንጂ ትችላለች» አልኳቸው።

ሰንፋ ነው አልኩ። ቡድኔ ውስጥ እንደ እሷ የሚለፋ አልነበረም፤ ይህን እያወቅኩ አልኩት።

«ዸጌሴ? ሰማሽ?» አሏት አባቷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔስ? እፎይ አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ እፎይታዬ ነው።

ፈተናውን ወደቀች። ሌሎችም ልጆቼ ወድቀዋል፣ እነሱንም የጣልኳቸው እኔ ነኝ። አልገባኝም፣ አድነኝ ብላ የነገረችኝ ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ድርጅቱን ከለቀቅኩ ቆየሁ። ባለፈው ክረምት አሰላ መናኸሪያ ኦቦ ከድርን አገኘኋቸው። ሸሸት ልል ስል አዩኝ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጫልቱ እንዴት ናት አልኳቸው።

«ቤት ናት። በግል ልፈተን ብላ አለቀሰች፣ እምቢ አልኩ። የማትችል ልጅ ብትሆን እሺ፤ እየቻለ የሰነፈን ሰው ምን ታደርገዋለህ? አንተማ ለፍተህ ነበር። አላህ ልጆችህን ይባርክልህ።»

«አሜን» አልኩ።

ያኔ ባለቤቱን ፈርቼ ነው እንበል፤ ለእንጀራዬ ብዬ ነው እንበል። መናኸሪያው ላይ ማንን ፈራሁ? አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። «ልጅዎ እውነቷን ነበር፣ ሰነፍ አይደለችም» ብል ኖሮ እንደገና ያስፈትኗት ነበር። እኔ ግን ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኢተያ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ እንደልብ ነው። አልሄድኩም። ይህን የምጽፈው ለእናንተ መናገር ለእሳቸው ከመናገር ስለቀለለኝ ነው፤ ስለዚህ ማሩኝ ብዬ አልለምናችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን በምታነቡበት ሰዓት ጫልቱ አባቷ ቤት ሰነፍ ተብላ ተቀምጣለች። እንዳልሆነች የምናውቀው እሷና እኔ ነን፤ እሷ ደግሞ በጊዜው ተናግራለች።