በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መካከል

የትምህርት ቤቱን ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረገችውን ሴት ሁሉም "እትዬ ቅጠሌ" ይላታል። አንድ ልጇን አዝላ እየጠረገች ያሳደገችው በስድስቱ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የሚያረግፉትን ቅጠል መጣል አይሆንላትም፤ "ማዳበሪያ ነው" እያለች ከየግንዳቸው ሥር ትከምረዋለች።

ዛፎቹ ታመሙ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ቅጠላቸው በለጋነቱ እየጠወለገ፣ ቡናማ እየሆነ ያለ ጊዜው ረገፈ። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብሎ አየና ፈረደ።

"በሽታ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይቆረጡ።"

"ምን በሽታ ነው ጌታዬ?"

"እትዬ፣ አንቺ ጥረጊ። ማሰቡን ለእኛ ተይው።"

ይህን ያለው ሰውዬ አንዲት ቅጠል እንኳ በጥሶ አላየም! ወንበር ላይ መቀመጥን እንደ ማወቅ የቆጠሩት ስንቶች ናቸው? እሷ ግን በጥሳ ወደ ፀሐይ አነሳችው። በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል አንዲት ቀጭን ትል መሃሉን እየበላች ዋሻ ትምሳለች።

ከክምሩ ቅጠል ዘግና በጠርሙስ ከተተች፤ አፉን በስስ ጨርቅ አሰረችና የመጥረጊያ ክፍሏ መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ ደግሞ ቆሻሻ ማሳደግ ጀመርሽ?" አለቻት ልጇ።

"ዝም ብለሽ እዪ።"

በሦስተኛው ሳምንት ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ሰረዝ ያለባቸው የእሳት ራቶች ጠርሙሱን ሞሉት። ያኔ ሁሉም ገባት። እናቲቱ የእሳት ራት እንቁላሏን በለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሏ ውስጡን በልታ እዚያው ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ከቅጠሉ ጋር ወድቃ፣ ክምሩ ውስጥ ቆይታ፣ ክንፍ አውጥታ ወደ ዛፉ ትመለሳለች።

"ወይ እኔ! ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋ ያነጠፍኩላቸው እኔው ነኝ!"

ጥፋቷን አልደበቀችም። ጠርሙሱን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ጥፋቱ የዛፎቹ አይደለም፣ የኔ ነው። አንድ ዓመት ይስጡኝ። ካልለመለሙ መጋዙን እኔው አቀብላለሁ።"

ሰውዬው ጠርሙሱን አገላብጦ አየ። "አንድ ዓመት። ከዚያ ወዲያ አልሰማሽም።"

ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቅጠል መሬት ላይ አላሳደረችም። ከግቢው ጥግ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ የቆየውን ክምር ጨምራ ሁሉንም ቀበረች፤ አፈሩንም በእግሯ እየረገጠች ጠቀጠቀችው።

ዛፎቹ በቀጣዩ ዓመት ሲያቆጠቁጡ ግቢው አረንጓዴ ለበሰ። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አልጠፋም፤ ቅጠሉ ግን እስከ ጊዜው ከቅርንጫፉ አልወረደም። ርዕሰ መምህሩ ጥላው ሥር ቆሞ አንገቱ እስኪያመው አንጋጠጠ።

"እትዬ፣ ምን መድኃኒት ረጨሽበት?"

እትዬ ቅጠሌ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

"ጥረጊ አላሉኝም? ጠረግኋ!"